ልክን ማወቅ፦ በጎንደር ድግስ፣ ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት በመጠን ለመጠጣት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ያደግሁት ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ነው። እናቴ የኅዳር ሚካኤልን ዝክር ታወጣ ስለነበር፣ ጌሾ ሲወቀጥ፣ አሻሮ ሲቆላ፣ እንሥራም በወይራ ጭስ ሲታጠን የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ጠላው ምን ያህል እንደሚመታ ግን የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች። እንግዳው የሚያውቀው ስንት ጊዜ እንደተቀዳለት ነው፤ እርሱንም እስከ ሦስተኛው ድረስ ብቻ። በዚህ መመሪያ ለማስረዳት የምፈልገው ዋና ነገር ከዚያ የተነሣ ነው፦ የአገራችን መጠጥ የጥንካሬው መጠን የተጻፈበት ወረቀት አልተለጠፈበትምና፣ ልኩን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ልኩን ራሱ መለካት አለበት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ለጤና ፍጹም ደኅና የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በግልጽ አስታውቋል፤ አልኮል የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የአንጀትና የጡት ካንሰርን ጨምሮ ለብዙ ሕመሞች መንሥኤ መሆኑም የታወቀ ነው። ስለዚህ የማይጠጣ ሰው በዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሚጀምርበት ነገር የለም። መመሪያው ለሚጠጣና ጨዋታውን ሳይተው ጉዳቱን ለመቀነስ ለሚሻ ሰው የተዘጋጀ ነው።

1. ዛሬ መጠጣት ይገባዎት እንደሆነ ይመርምሩ

አንዲት ብርሌ እንኳ የማይገባቸው ሰዎችና ቀናት አሉ። እርጉዝ ሴት ጨርሶ መጠጣት የለባትም፤ «ጠላ ደም ይሆናል»፣ «ወተት ያመጣል» የሚባለው ከፍቅር የመነጨ ምክር ቢሆንም ጽንሱን ይጎዳል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ነው። በዚያ ቀን መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰውም አይጠጣም።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይጠይቅ። በእኛ አካባቢ ለአሜባና ለጃርዲያ ዘወትር የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ብርቱ ማስመለስ፣ የፊት መቅላትና የልብ በኃይል መምታት ሊያስከትል ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ከጨረሱ በኋላ ቢያንስ 3 ቀን መታገሥ ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጉበትን የሚያስቸግር በመሆኑ ከመጠጥ ጋር ሲጣመር አደጋው ይከፋል። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ሳይበላ ከጠጣ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ አጠገቡ ያሉት ሰዎችም ራሱን መሳቱን ስካር ነው ብለው ሊተዉት ስለሚችሉ፣ ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው።

2. ጽዋዎን ይለኩ

ስካር የሚለካው በጽዋ ቁጥር ሳይሆን ወደ ሰውነት በገባው ንጹሕ አልኮል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የመጠጡን መጠን በሚሊ ሊትር ይውሰዱ፣ በአልኮሉ መቶኛ ያባዙ፣ ለ100 ያካፍሉ፣ ከዚያም በ0.8 ያባዙ፤ የሚያገኙት ቁጥር ግራም ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። ዳሸንም ይሁን ሌላ ቢራ መቶኛው ጠርሙሱ ላይ ስለተጻፈ የቢራ ጠጪ ሥራው ቀላል ነው።

ችግሩ ያለው በጠላ፣ በጠጅና በአረቄ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ቤትዎ ውስጥ የሚጠጡበትን ጣሳ፣ ብርጭቆ ወይም ብርሌ አውጥተው፣ በግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ እየለኩ ስንት እንደሚይዝ ይዩ። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ ይደነግጣል፤ «አንድ ብርጭቆ» ሲል የኖረው ግማሽ ሊትር ሆኖ ያገኘዋልና።

ጠላ እንደ ጠማቂዋ እጅ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ባለው መካከል ይገኛል። ቅራሪው ውኃ የተደገመበት በመሆኑ ቀጭን ነው፤ ጉሹ ገና አተላው ያልሰከነና መፍላቱን ያልጨረሰ ነው፤ በጨርቅ ተጣርቶ ውኃ ያልበዛበት ፊልተር ደግሞ ከሁሉም ይበረታል። 4 በመቶ የሆነ ግማሽ ሊትር ጠላ 16 ግራም አልኮል ሲኖረው፣ 6 በመቶ የሆነው ፊልተር በዚያው ጣሳ 24 ግራም ይደርሳል፤ ሁለት ጣሳ ፊልተር ወደ አራት ጠርሙስ ቢራ ይጠጋል ማለት ነው። በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ የሚጠጣው ኮረፌም ከነአተላው ስለሚቀርብ ሆድ ይሞላል እንጂ ጥንካሬውን በመልኩ መገመት አይቻልም፤ መፍላቱ ስለሚቀጥልም የጧቱ ከማታው ጋር አንድ አይደለም።

ጠጅ ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው በጣፋጭነቱ ነው። በጠጅ ቤት ቋንቋ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ይባላል፤ ለስላሳው ብዙው ስኳር ወደ አልኮል ገና ያልተለወጠ፣ ደረቁ ደግሞ ስኳሩ በአብዛኛው ተለውጦ ያለቀ ነው። ከ7 እስከ 14 በመቶ ሊሆን ይችላል። 10 በመቶ የሆነ 300 ሚሊ ሊትር ጠጅ 24 ግራም አልኮል አለው፤ አንዲት ብርሌ ወደ ሁለት ቢራ ትጠጋለች። «ጠጅ እኮ ማር ነው» ብሎ ከቢራ ወደ ጠጅ የሚዞር ሰው ይህን ቁጥር ቢያስብ መልካም ነው።

3. ገደብዎን ከቤት ሳይወጡ ይወስኑ

የመጀመሪያው ጽዋ አስቀድሞ የሚያደክመው የመወሰን ችሎታን ነውና፣ ስንት እንደሚጠጡ የሚቆርጡት ጠጅ ቤቱ ደርሰው ሳይሆን ጫማዎን ሲያደርጉ ነው። መነሻ ለሚፈልግ፣ የብሪታንያ የጤና ኃላፊዎች በ2008 ዓ.ም. ያወጡትን ወሰን ልጥቀስ፦ ለወንድም ለሴትም በሳምንት ከ112 ግራም እንዳይበልጥ፣ ያም በሦስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ቀናት እንዲከፋፈል ይመክራሉ። ይህ ወደ ስምንት ጠርሙስ ተኩል ቢራ ይሆናል፤ ከላይ ባየነው ስሌት አምስት ብርሌ ጠጅ አይሞላም። በሳምንት ያ ሁሉ ሊጠጣ ይገባል ማለት አይደለም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አደጋው እየጎላ ይሄዳል ማለት ነው። ሴት በተመሳሳይ ክብደት ከወንድ ያነሰ የሰውነት ውኃ ስላላት በእኩል ጽዋ ደሟ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል። ስለዚህ ባልና ሚስት እኩል ቢጠጡ እኩል አልጠጡም።

በኪስ የሚይዙትን ገንዘብ መወሰንም ይረዳል። በተለይ አዝማሪ ባለበት ቤት፣ ማሲንቆው ስምዎን አንሥቶ ሲያወድስ እጅ መዘርጋቱም ጓደኛን መጋበዙም አብሮ ስለሚመጣ፣ ለሽልማት የሚሆነውን ብር በአንድ ኪስ፣ ለመጠጥ የሚሆነውን በሌላ ኪስ ለይተው ይያዙ። የመጠጡ ኪስ ሲያልቅ መጠጡም አለቀ።

4. ሳይበሉ አይቅመሱ

አልኮል በፍጥነት ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ካለ መውጫው ስለሚዘገይ መጠጡ ቀስ እያለ ይገባል፤ ባዶ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ ይገባል። በጎንደር ይህ ጉዳይ ከጾም ጋር በብርቱ የተያያዘ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ የዋለ ጿሚ ከቅዳሴ ወጥቶ ሰንበቴ ቤት ሲቀመጥ፣ አስቀድሞ የሚቀዳለት ጠላ ከሆነ ጉልበቱ እጥፍ ሆኖ ይሰማዋል። ዳቦው እስኪቆረስ ይጠብቁ፤ ቢያንስ ጥቂት ጉርሻ እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ ወጥ ይቅደም። ቆሎ ብቻውን አይበቃም፤ ጨው ካለው ደግሞ ጥማት ጨምሮ ያስጠጣል።

በጥምቀት ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ጥር 10 ታቦታቱን ለማጀብ፣ ጥር 11 ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲቆሙ፣ ከዚያም ታቦቱን ሲሸኙ ሙሉ ቀን በፀሐይ ይሄዳሉ፤ እየዘፈኑና እየጨፈሩ ብዙ ላብ ያልብዎታል። የጠማው ሰው ጠላ ሲያገኝ እንደ ውኃ ይጨልጠዋል። ጥማትን ውኃ ያርካው፤ ጠላው ከዚያ በኋላ ለጨዋታ ይምጣ።

5. በሰዓት ይጠጡ፣ በቆርኪ ይቁጠሩ

ጉበት አልኮልን የሚያጣራው በራሱ ፍጥነት ነው፤ በአማካይ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ሲሆን፣ ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውኃም ሆነ ላብ አያፋጥነውም። ቡና የጠጣ ሰካራም የነቃ ሰካራም ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሦስት ብርሌ ጠጅ የጠጣ ሰው 72 ግራም ወስዷልና፣ ደሙ የሚጸዳው ቢፈጥን ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ፣ ቢዘገይ 10 ሰዓት አልፎ ነው። ጧት 12 ሰዓት ከአውቶ ፓርኮ መኪና አንሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሹፌር ከዚያ በላይ ጠጥቶ ከሆነ፣ መሪውን የሚይዘው ስካሩ ሳይወጣለት ነው።

አስተናጋጆች ባዶ ጠርሙስ ቶሎ ቶሎ ስለሚያነሡ ቆርኪውን ኪስዎ ውስጥ ያስቀምጡ። ለጠላና ለጠጅ ከቤት ጥቂት የባቄላ ፍሬ ይዘው፣ በተቀዳልዎት ቁጥር አንዷን ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ያዛውሩ። ጽዋው ሳያልቅ «ልጨምር» ብለው ሲሞሉልዎት ቁጥሩ ይጠፋልና፣ ያለውን ሳይጨርሱ አያስቀዱ። በየመካከሉ አንድ ብርጭቆ ውኃ ወይም አምቦ ውኃ ይጠጡ፤ እጅም አፍም ሥራ ስለሚያገኝ ፍጥነቱ በራሱ ይበርዳል።

6. «በሞቴ!» ሲባሉ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ግድ ማለት የፍቅር መግለጫ ነው። ባለቤቲቱ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጥታ፣ ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን ይድገሙኝ!» ስትል እምቢ ማለት ልፋቷን የመናቅ ያህል ይሰማል። የሚያስከፋት ግን አለመጠጣትዎ ሳይሆን አለመቅመስዎና አለማመስገንዎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን በደስታ ይቀበሉ፣ ይቅመሱ፣ «እጅዎ ይባረክ፣ እንዴት ያለ ጠላ ነው!» ብለው በስሙ ያመስግኑ። ከዚያ በኋላ ጽዋውን ከግማሽ በታች አያውርዱት። ባዶ ጽዋ የሚሞላ ጽዋ ነው፤ ግማሹ ካለ ግን «ገና አልጨረስሁም» ማለት ይቻላል። መጨረሻ ላይ መዳፍዎን በጽዋው አፍ ላይ አድርገው፣ ከመቀመጫዎ ትንሽ ብድግ ብለው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በቃኝ እናቴ» ይበሉ። ብድግ ማለቱ አክብሮት ስለሆነ እምቢታውን ያለሰልሰዋል።

ምክንያት ማብዛት አይጠቅምም። «ሆዴን አሞኛል» ካሉ አረቄ ይመጣልዎታል። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት እውነት ከሆነ ይበቃል፤ እውነት ካልሆነም «ዛሬ ልኬ ይኸው ነው» የሚለው ንግግር በተረጋጋ ድምፅ ሁለት ጊዜ ከተደገመ ይከበራል። በጓደኞች መካከል ደግሞ ትልቁ ወጥመድ በየተራ መጋበዝ ነው፤ አምስት ሆነው የተቀመጡ ሰዎች ተራቸውን ሁሉ ካደረሱ እያንዳንዱ አምስት መጠጣቱ ነው። የእርስዎን ተራ ቀደም ብለው ይክፈሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መጠጥ በለስላሳ መጠጥ ቢለውጡት ማንም በስስት አይጠረጥርዎትም።

ደጋሽ ከሆኑ ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ቀሪቦ ወይም ያልፈላ ብርዝ ከጠላው ጋር እኩል በሚያምር ዕቃ ያቅርቡ። በከተማችን ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻ ማዘጋጀት የቆየ ልማድ ነው፤ ለማይጠጣ ክርስቲያንም እንዲሁ ቢደረግ ማንም ስለ ጽዋው ምክንያት አይጠየቅም። ቀሪቦና ብርዝ ግን ሲያድሩ መፍላት ስለሚጀምሩ በዕለቱ የተዘጋጁ ይሁኑ።

7. አረቄን ለብቻው ይመልከቱት

አረቄ እንደ ጠላና እንደ ጠጅ ሊታሰብ አይገባም። 45 በመቶ የሆነ 40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ከ14 ግራም በላይ አልኮል አለው፤ ቢራ ግማሽ ሰዓት የሚወስደውን አረቄ በአንድ ጉንጭ ያደርሰዋል። ዳግም የወጣው ደግሞ ከተራው ይበረታል። ከአንድ መለኪያ እንዳያልፍ፣ በሌላ መጠጥ ላይም እንዳይደረብ እመክራለሁ።

በደባርቅና በወገራ ብርድ «አረቄ ያሞቃል» ይባላል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሙቀቱ ለቆዳ ይሰማል፣ ከሰውነት ግን ይወጣል። ጠጥቶ በብርድ ሜዳ ላይ የተኛ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ምንጩ የማይታወቅ፣ ከተለመደው ዋጋ እጅግ የረከሰ አረቄም አይጠጡ፤ በኢንዱስትሪ አልኮል የተበረዘ ከሆነ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል። ከጠጡ በኋላ በማግሥቱ እንኳ ቢሆን ዐይን ከደበዘዘ ወይም ጭጋግ የመሰለ ነገር ከታየ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ዐይንንም ሕይወትንም ያተርፋል።

ጫት ቅመው ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» የሚወጡ ወጣቶች ይህን ልብ ይበሉ፦ ጫቱ ስካሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይቀንሰውም። ሰውየው አልሰከርሁም እያለ ከልኩ እጥፍ ይጠጣል።

8. ወደ ቤት መመለስ፣ የወደቀውንም ማንሣት

የማታ ባጃጅ በጊዜ ስለሚያልቅ የሚመለሱበትን ሰዓትና የሚያደርስዎትን ሰው ከመጠጣትዎ በፊት ይወስኑ። ከፒያሳ ወደ ማራኪ ወይም ወደ አዘዞ በእግር ብቻዎን አይሂዱ።

አብሮዎት የነበረ ሰው ተዝለፍልፎ ከወደቀ በጀርባው አያስተኙት፤ ቢያስመልስ ትውከቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋል። በጎኑ ያስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበቱን አጥፈው ወደ ፊት ያድርጉት፣ በጋቢ ይሸፍኑት፣ አጠገቡም ይቀመጡ። ጣት ጉሮሮው ውስጥ አያስገቡ፣ ቡና አያጠጡት፣ ቀዝቃዛ ውኃም አይድፉበት። ሲጠሩትና ሲቆነጥጡት ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ «ይተኛበት» የሚባልበት ጊዜ አልፏል፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ይወሰድ።

9. ማግሥቱና አንጎበር

አንጎበርን በመጠጥ መስበር የተለመደ ነው፤ ለጊዜው ራስ ምታቱን ያቀልላል፣ ነገር ግን ሕመሙን ወደ ከሰዓት ከማሸጋገር በቀር አይፈውስም፤ ጧት መጠጣትንም ያስለምዳል። ውኃ፣ ሾርባ፣ ዕረፍትና ጊዜ ይበቃሉ። ሌሊት ከጠጡ በኋላ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ደራርበው አይዋጡ፤ ጉበት ላይ ጫና ይደርባል።

10. ልኩ ከእጅ ወጥቶ እንደሆነ

በወር አንድ ጊዜ ለብቻዎ ሆነው አራት ነገር ይጠይቁ፦ መቀነስ አለብኝ ብዬ አስቤ አውቃለሁ? ሰዎች ስለ መጠጤ ሲናገሩኝ ተቆጥቻለሁ? ስለ አጠጣጤ ተጸጽቻለሁ? ጧት ስነሣ እጄ እንዲረጋ ወይም አንጎበር ለመስበር ጠጥቻለሁ? ሁለቱን «አዎን» ያለ ሰው ከጤና ባለሙያ ጋር ቢነጋገር ተገቢ ነው። መቀነስ የሚፈልግ ሰው በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ሙሉ በሙሉ የማይጠጣበትን ቀን ይለይ፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ ለብዙዎቻችን መጀመሪያ ይሆናሉ።

በየቀኑ በብዛት ለዓመታት የጠጣ ሰው ግን በአንድ ቀን በድንገት ማቆም የለበትም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በስድስት ሰዓት ገደማ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ሊጀምር ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል ሕመም፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ትልቅ ሰው «ከነገ ጀምሮ አልቀምስም» ብሎ ጸበል ገብቶ፣ በሁለተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥ ቤተሰቡ ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ መጠበቁን አስታውሳለሁ። ጸበሉን የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዶ በየቀኑ ስንት እንደሚጠጣ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚጠጣና የመጨረሻው መቼ እንደነበረ ሳይደብቅ መናገር ይገባል። መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል። ከቤተሰቡም የጠጣውን መጠን የሚያውቅ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ቁጥሩን ብዙውን ጊዜ በግማሽ ይናገራልና።